ጊዜው ያላለፈበት የልጅ ፓስፖርት «አይሆንም» ሲባል

ኧረ ጎበዝ፣ አንድ ነገር ይነገረን! ፓስፖርት ላይ «የሚያበቃበት ቀን» ተብሎ የታተመው ቀን እውነተኛው ማብቂያ ካልሆነ ለምን ይታተማል? ትኬቱ ተከፍሏል፣ ሆቴሉ ተይዟል፣ ሻንጣው ሚዛን ላይ ወጥቷል። የቼክ ኢን ሠራተኛዋ የወላጆቹን ፓስፖርት አየት አየት አድርጋ ትመልስና የልጁ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። ከዚያ ስክሪኑን ታያለች፣ ቀጥላም «ልጁ መሳፈር አይችልም» ትላለች። እንዴ! ፓስፖርቱ ገና አራት ወር አለው እኮ! ችግሩ ግን ያው አራት ወር ነው፤ ብዙ አገር ፓስፖርቱ ከማብቃቱ በፊት የተወሰነ ቀሪ ጊዜ እንዲኖረው ይጠይቃል።

ይህ ነገር ለምን ሁልጊዜ በልጆች ላይ እንደሚብስ እንነጋገር። በብዙ አገር የአዋቂ ፓስፖርት 10 ዓመት ሲያገለግል የልጅ ግን 5 ዓመት ብቻ ነው፤ የሕፃን ፊት ቶሎ ስለሚለወጥ። ምክንያቱ ልክ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ችግሩ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ፓስፖርት ሲያወጣ የልጁ ማለቂያው ላይ ሲደርስ የወላጆቹ ገና ግማሽ መንገድ ላይ መሆኑ ነው። አባትና እናት የራሳቸውን ገልጠው ያያሉ፣ «አምስት ዓመት አለን» ብለው ይዘጋሉ። የልጁን የሚገልጥ የለም፤ ሁሉም አብሮ የወጣ ስለሆነ አብሮ የሚያልቅ ይመስላል። ለዚያውም አምስት ዓመት የተባለው አምስት ዓመት አይደለም። 6 ወር ቀሪ ጊዜ የሚጠይቅ አገር ለመሄድ ከሆነ የከፈላችሁት ለአራት ዓመት ተኩል ነው። ማሳደሻው የሚወስደውን ሳምንታት ቀንሱበትና የቀረውን እዩት።

ድሮ እኮ ልጅ በእናቱ ወይም በአባቱ ፓስፖርት ላይ ተጽፎ ይሄድ ነበር። ያ ቀርቷል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከጁን 2012 ጀምሮ ገና የተወለደ ሕፃንም የራሱ ፓስፖርት ሊኖረው ግድ ነው። ልጆችን ከጠለፋና ከሕገ ወጥ ዝውውር ለመጠበቅ ጥሩ ነው፣ እሰየው። ግን ለአራት ሰው ቤተሰብ አራት የተለያየ ማብቂያ ቀን መከታተል የወላጅ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ደግሞ ጉድ ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ደንብ ያለ ይመስላችኋል? የለም። እያንዳንዱ አገር የየራሱን አውጥቷል። ዱባይ የምትሄዱ፣ ሲንጋፖር የምትሄዱ፣ ኢንዶኔዢያ የምትሄዱ 6 ወር ያስፈልጋችኋል። የሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ የተዉት የአውሮፓ አገሮች) ከግዛታቸው ከምትወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር ይላሉ፤ በዚያ ላይ ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት። ደቡብ አፍሪካ ከመውጫው ቀን በኋላ 30 ቀን ይበቃታል። እንግሊዝ ለቆይታችሁ ከበቃ ይበቃል ትላለች። አሜሪካ በመርሕ ደረጃ ከቆይታ በኋላ 6 ወር ትጠይቅና፣ ስምምነት ላላቸው ረጅም የአገሮች ዝርዝር ደግሞ ለቆይታው ከበቃ ይበቃል ብላ ትተወዋለች። ይህን ሁሉ ወላጅ በቃሉ እንዲያውቅ ነው የሚጠበቀው!

ከወሩ ቁጥር በላይ ሰው የሚያሳስተው ግን ቆጠራው የሚጀምርበት ቀን ነው። አንዱ ከምትገቡበት ቀን ይቆጥራል፣ ሌላው ከምትወጡበት። ምሳሌ እንውሰድ። የልጁ ፓስፖርት ኦክቶበር 10 ያበቃል እንበል። ጁን 20 ወደ ሸንገን ገብታችሁ ጁላይ 25 ትወጣላችሁ። ብዙ ሰው ከጁን 20 ቆጥሮ «ወደ አራት ወር አለን፣ ሦስት ነው የሚፈልጉት» ይላል። ስሕተት ነው። ከጁላይ 25 ተነስታችሁ ሦስት ወር ስትቆጥሩ ኦክቶበር 25 ትደርሳላችሁ፤ 15 ቀን ጎደለ። ያው ፓስፖርት፣ ያው ልጅ፣ መመለሻው ጁላይ 8 ቢሆን ግን ያልፋል። ስለዚህ በጥቂት ቀን ብቻ ከጎደላችሁ ፓስፖርት ከማሳደስ የመልሱን ትኬት ማሳጠር ይቀላል። ይህን የሚነግራችሁ አለ? የለም።

ቱርክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ናት። እዚያ የሚቆጠረው ከቆይታችሁ ሳይሆን ከተፈቀደላችሁ የቆይታ ጊዜ ማብቂያ በኋላ 60 ቀን ነው። ያለ ቪዛ 90 ቀን የሚፈቀድለት ሰው ለ5 ቀን ሽርሽር ቢሄድም ሲገባ 150 ቀን ያለው ፓስፖርት መያዝ አለበት። «እኛ እኮ አምስት ቀን ብቻ ነን» ማለት ካውንተሩ ላይ ምንም አይፈይድም።

አሁን ወደ ዋናው ብሶት። ካውንተር ላይ የምትቆመው ሠራተኛ ክፉ አይደለችም፣ እሷ ላይ መጮህም ጥቅም የለውም። አየር መንገዶች የየአገሩን የመግቢያ ደንብ የሚያዩበት ቲማቲክ የሚባል የመረጃ ሥርዓት አለ፤ የአየር መንገዶቹ ማኅበር አያታ የሚያዘጋጀው። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ጭኖ የሄደ አየር መንገድ መንገደኛውን በራሱ ወጪ ይመልሳል፣ ቅጣትም ይከፍላል። በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት ቅጣቱ በአንድ መንገደኛ በሺዎች በሚቆጠር ዩሮ ነው፤ በእንግሊዝ ደግሞ እስከ 2,000 ፓውንድ ይደርሳል። ማን ለእናንተ ልጅ ብሎ ይህን ይሸከማል? ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ መልሱ «አይሆንም» ነው።

ግን ይህን ያህል ከፈሩት፣ ትኬቱን ሲሸጡ የት ነበሩ? ስትገዙ የልጁን የትውልድ ቀን ይጠይቃሉ። ዜግነቱን ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የፓስፖርቱን ቁጥርና የሚያበቃበትንም ቀን ያስሞላሉ። የመመለሻው ቀን እጃቸው ላይ ነው፣ መድረሻው እጃቸው ላይ ነው፣ ደንቡም ራሳቸው በሚጠቀሙበት ሥርዓት ውስጥ ተቀምጧል። የቀረው አንድ የመቀነስ ስሌት ነው፤ አንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው! ይህን አስልቶ «የልጁ ፓስፖርት አይበቃም» የሚል አንድ መስመር ማውጣት አቃታቸው። ወንበር ለመምረጥ፣ ተጨማሪ ሻንጣ ለመግዛት፣ መኪና ለመከራየት ግን ማስታወቂያ በየደቂቃው ይዘንባል። ገንዘቡን ሲቀበሉ ሰነድ «የመንገደኛው ኃላፊነት» ነው፤ በር ላይ ሲደርሱ ግን ከኢሚግሬሽን በላይ ይጠነቅቃሉ። አንዳንዱ ኦንላይን ቼክ ኢን ሳይቀር አሳልፎ፣ ቦርዲንግ ፓስ ሰጥቶ፣ መሳፈሪያው በር ላይ ነው የሚያስቆማችሁ።

ካሳ ብላችሁ አትድከሙ። የአውሮፓ ኅብረት የመንገደኞች መብት ደንብ ቁጥር 261/2004 ራሱ በጉዞ ሰነድ ጉድለት የተከለከለን ሰው ካሳ ከሚገባው ያወጣዋል። የጉዞ ኢንሹራንስም አብዛኛው ይህን አይሸፍንም።

እንግዲህ ካውንተር ላይ ከተያዛችሁ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ በትሕትና ቲማቲክ ላይ የወጣው ጽሑፍ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። ስድስት ወር የማይጠይቅ አገር ላይ በልማድ «ስድስት ወር» የሚል ሠራተኛ አለ። ሥርዓቱ ላይ ደንቡ የታየው በየትኛው ዜግነት እንደሆነ አረጋግጡ፤ በመድረሻው አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ልጅ እንደ ጎብኚ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ቆጠራው ከመግቢያ ነው ከመውጫ? ይህንንም ጠይቁ። አልሆነም ከተባለ ሱፐርቫይዘር አስጠሩ። እሱም አይሆንም ካለ ሰዓቱ ሳይዘጋ ትኬቱን ወደ ሌላ ቀን አስለውጡ። ተናዳችሁ ዝም ብላችሁ ወደ ቤት ከሄዳችሁ «ሳይቀርቡ የቀሩ» ተብላችሁ ትመዘገባላችሁ፤ ያኔ የመልሱም ትኬት አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። አንዱ ወላጅ ከልጁ ጋር ቀርቶ ሌላው የሚሄድ ከሆነም በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ያላችሁትን እንዲለያዩላችሁ ጠይቁ፤ ካልተለየ የአንዱ መቅረት የሌላውን ሊያበላሽ ይችላል።

ትራንዚት አትርሱ። መንገድ ላይ ያለው አገርም ደንብ አለው፣ በተለይ ሁለት የተለያየ ትኬት ቆርጣችሁ ሻንጣ ለማውጣት ኢሚግሬሽን የምታልፉ ከሆነ። መድረሻው ለቆይታ ከበቃ ይበቃል ብሎ መካከሉ ላይ ያለው 6 ወር ሊጠይቅ ይችላል።

«እሺ እናሳድሰው» ስትሉ ደግሞ ሌላው መከራ ይጀምራል። የልጅ ፓስፖርት በብዙ ቦታ እንደ አዋቂ ቀላል እድሳት የለውም። አሜሪካን ብትወስዱ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ራሱ በአካል መቅረብ አለበት፣ ሁለቱም ወላጆች መፍቀድ አለባቸው፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚያመለክተው። አንዱ ወላጅ ሌላ አገር ካለ የተረጋገጠ የፈቃድ ወረቀት ይላክ ይባላል፤ ወረቀቱ ደግሞ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። ፎቶው ለብቻው አንድ ቀን ይፈጃል። አሻንጉሊት አይታይም፣ ጡጦ አይታይም፣ የያዘው ሰው እጅ አይታይም፣ ጥላ የለም። ሕፃኑን ነጭ አንሶላ ላይ አስተኝቶ ከላይ ማንሳት ነው የሚያዋጣው፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ጠግቦ ባለበት ሰዓት።

ትልቁ ወጥመድ ግን ይኸኛው ነው፦ ማመልከቻው ከገባ በኋላ አሮጌው ፓስፖርት ብዙ ጊዜ ይወሰዳል ወይም ይሰረዛል። ጉዞው ሦስት ሳምንት ሲቀረው «ለማንኛውም እናሳድስ» ብሎ ያስገባ ሰው፣ አሮጌው ይበቃው የነበረ ቢሆን እንኳ አሁን ምንም የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የመድረሻውን ደንብ አስሉ፣ የሚያልፍ ከሆነ ከጉዞ መልስ አሳድሱ።

አዲሱ ሲመጣ ቁጥሩ ይለወጣል። ትኬቱ አይበላሽም፣ ስም እስካልተለወጠ ድረስ አዲሱን ቁጥር ቦታ ማስያዣው ላይ ማስገባት ብቻ ነው። በአሮጌው ቁጥር የወጣ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ግን ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ፓስፖርት ጋር ይሞታል፤ ያለ ቪዛ ለሚገቡ የሚሰጠው የአሜሪካ የኦንላይን ፈቃድ፣ ኢስታ፣ እንደ አዲስ መሞላት አለበት። አሮጌው ላይ የተለጠፈ የአሜሪካ ቪዛ ከሆነ ግን ጊዜው እስካላለፈና እስካልተጎዳ ድረስ ሁለቱን ፓስፖርት ይዞ መሄድ ይቻላል። ስቲከሩን ላጥ አድርጋችሁ አዲሱ ላይ እንዳትለጥፉ!

ቸኩላችሁ «ጠፋ» ብላችሁም አታስመዝግቡ። ጠፋ የተባለ ፓስፖርት ኢንተርፖል ወደሚይዘው ዓለም አቀፍ መዝገብ ይገባል፤ ነገ ከአልጋ ሥር ቢገኝ እንኳ ድንበር ላይ የሚያሲዝ ወረቀት ሆኗል። ሊሴ ፓሴ ወይም ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ ደግሞ ወደ አገር ለመመለስ እንጂ ለሽርሽር አይሆንም፤ ብዙ አገሮች በእሱ ያለ ቪዛ አያስገቡም።