ያ ሰውዬ ምን ሆነ?

ወገኖቼ፣ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ያነበባችሁ ብዙ ናችሁ፤ ያላነበባችሁትም ሁሉን ስለሚሰልለው የልቦለዱ ገዢ፣ ስለ «ትልቁ ወንድም» መስማታችሁ አይቀርም። መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 የታተመ ነው። ስንቶቻችን እንዴት እንደምናነበው ግን ታዝቤያለሁ፤ የምንጠላውን መንግሥት እንፈልግበታለን፣ እናገኘዋለን፣ «ይኸው፣ እነ እገሌ ማለት ይህ ነው» ብለን እንዘጋዋለን። እኔም እንደዚያው አንብቤው ነበር። ሰሞኑን ስደግመው ግን ዓይኔ ከገዢዎቹ ይልቅ የዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የዊንስተን፣ ጎረቤት ላይ አረፈ። የዛሬ ወቀሳዬም ወደ ላይ አይደለም፤ ወደ እናንተና ወደ ራሴ ነው።

ጎረቤቱ ፓርሰንስ ይባላል። ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅ፣ ለመዋጮ ለማኅበር የማይታክት፣ ክፉ የማይባል ሰው ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ የሰባት ዓመት ልጁን ጀብዱ ያወራል። ልጅቱ ከጓደኞቿ ጋር አንድ የማታውቀውን ሰው ጫካ ለጫካ ሁለት ሰዓት ተከትላ ለጠባቂዎች አሳልፋ ሰጥታዋለች። ጥፋቱ ጫማው ነው። እንዲያ ያለ ጫማ አይታ ስለማታውቅ ሰውዬው ባዕድ ነው ብላ ጠረጠረች። ዊንስተን «ሰውዬው ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባት ጠመንጃ እንደሚያነጣጥር ሰው እጁን ያስተካክልና ምላሱን ቀጭ ያደርጋል።

በኋላ ይኸው ፓርሰንስ እስር ቤት ይገባል። በእንቅልፍ ልቡ «ትልቁ ወንድም ይውደም!» እያለ ሲደጋግም ያቺው ልጁ በቁልፍ ቀዳዳ ሰምታ ጠቁማበታለች። ያኔም አይቀየማትም። እንዲያውም ይኮራባታል፤ በደንብ አድርጌ አሳድጌያታለሁ ይላል።

እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ያቺን ልጅ ያሳደጋት የምሳው ሰዓት ሳቅ ነው። እኛስ? ጫማው እንግዳ የሆነብንን ሰው ስንት ጊዜ አሳልፈን ሰጠነው? አንዲት ዓረፍተ ነገሩን ቆርጠን «ይህን ጉድ እዩልኝ» እያልን ለመንጋ ስንወረውረው፣ ከሥራው ሲባረር ስናጨበጭብ፣ ልጆቻችን አጠገባችን ቁጭ ብለው ይሰሙናል። የሚማሩትን እየተማሩ ነው።

ሌላም አለ። በልቦለዱ ውስጥ የቸኮሌት ራሽን ከ30 ግራም ወደ 20 ይወርዳል። በማግስቱ «ወደ 20 ግራም ከፍ ስላደረገልን» ተብሎ ለትልቁ ወንድም የምስጋና ሰልፍ ይወጣል፤ ሕዝቡም ዋጥ ያደርገዋል። እነሱ እንኳ ሰበብ አላቸው፤ የድሮው ጋዜጣ እየታረመ እንደገና ይታተማል፣ ዋናው ቅጂ ይቃጠላል። የእኛን ማን አቃጠለው? ትናንት የተናገርነው ሁሉ ስልካችን ውስጥ ተቀምጧል። የጠላነው ሰው ሲያስር «ግፍ» ያልነውን፣ የወደድነው ሲያስር «ሥርዓት ማስያዝ» ብለነዋል። ሁለቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው፣ ቀኑም አብሮ አለ። ማየት ስላልፈለግን ብቻ አናየውም። ይህ ነውር ነው፣ ወገኖቼ።

የራሴን ሳልናገር እናንተን ብቻ ብገሥጽ ደግሞ አድልዎ ይሆንብኛል። ከዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሁላችንም ስናወድሰው ስለነበረ አንድ ውሳኔ ሁለት መስመር ጥርጣሬ ለእኔ ብቻ ጻፈልኝ። አምኖኝ ነው። እኔ ስክሪንሾት አንስቼ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ያለበት ቡድን ውስጥ ለቀቅኩት፤ ከሥሩም የሳቅ ምልክት አደረግኩ። የስድቡን ብዛት አሁንም ወደ ኋላ ሄጄ ልቆጥረው እችላለሁ። እሱ ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ አንድ ቃል አልጻፈም። ስሙ ግን ከአባላቱ ዝርዝር አልወጣም፣ ትናንት ማታ አይቼዋለሁ። ምን ሆንክ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ዛሬ ልደውልለት ነው፤ እናንተም የየራሳችሁን ሰው ፈልጉ።