የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገብቶ ክርክር ለማየት ለምን ወረፋ ይታደራል?

ዲሲና አካባቢዋ ስንት ሐበሻ ነው ያለው፣ ዘመድ በመጣ ቁጥር ካፒቶል ይወሰዳል፣ ዋይት ሀውስ አጥር ጋ ፎቶ ይነሳል፣ ከካፒቶሉ ፊት ለፊት መንገዱን ብቻ ተሻግሮ ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገብቶ ክርክር ያየ ሰው ግን ስትጠይቁ ብዙ አታገኙም። ችሎቱ እኮ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ መግቢያውም በነጻ ነው። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ባሉት የክርክር ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት በነሱ 10 ሰዓት ላይ ዘጠኙ ዳኞች ከቀዩ መጋረጃ ኋላ ወጥተው ይሰየማሉ።

በፊልም የለመድነው ዓይነት ፍርድ ቤት አይደለም። ምስክር የለም፣ ጁሪ የለም፣ ያ ሁሉ ታች ባሉት ፍርድ ቤቶች አልቋል። እዚህ የቀረው የሕጉ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ጠበቃው ዳኞቹ አፍንጫ ስር ቆሞ ይከራከራል፣ ለአንድ ወገን ብዙ ጊዜ 30 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፣ ነጭ መብራት ከበራ 5 ደቂቃ ቀርቷል ማለት ነው፣ ቀይ ከበራ አበቃ። መጀመሪያ 2 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡት ያስጨርሱታል ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው እንደ ዶፍ ነው የሚወርደው፣ አንዱ ዳኛ እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ ነገ እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣስ ምን ልንለው ነው ይላል፣ ጠበቃው መልሶ ሳይጨርስ ሌላዋ ዳኛ ከሌላ አቅጣጫ ትይዘዋለች። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ሲያስብ፣ ሲጠራጠር፣ አልገባኝም ሲል የምናይበት ቦታ ስንት አለ?

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በ2015 ፓሪስ ላይ በደረሰው የሽብር ጥቃት ልጃቸውን ያጡ ቤተሰቦች ዩትዩብ የአይሲስን ቪዲዮ ለሰው እየመረጠ ያቀርባል ብለው ጉግልን ከሰሱ፣ ጉዳዩ ፌብሩዋሪ 2023 ላይ እዚህ ደረሰ። ክርክሩ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ፣ መሀል ላይ ዳኛ ኤሌና ኬገን እኛ እኮ ዘጠኙ ታላላቅ የኢንተርኔት ኤክስፐርቶች አይደለንም አሉ፣ ችሎቱ ሳቀ። ሜይ ላይ ውሳኔው ሲወጣ ኢንተርኔት ካምፓኒዎችን ከክስ የሚከላከለውን ሕግ ትርጉም ሳይነኩት አለፉት። ያን ቀን የተቀመጠ ሰው ውሳኔው አያስደነግጠውም፣ ዳኞቹ እጃቸውን ለማስገባት እንደፈሩ በጆሮው ሰምቷል።

ታዲያ ይሄን ለማየት ዋጋው ምንድነው? ወረፋ። ትልልቅ ጉዳይ ሲሆን ሰው እግረኛ መንገዱ ላይ ያድራል፣ በ2012 የኦባማ ኬር፣ ማለትም የኦባማ የጤና መድን ሕግ፣ ጉዳይ ሲታይ ከቀናት በፊት ነበር ሰልፉ የተጀመረው። ገንዘብ ያለው ደግሞ ሰው ቀጥሮ ያሰልፋል፣ ቅጥረኛው ብርድ ላይ አድሮ ጠዋት ቦታውን ለባለ ሱፉ ያስረክባል። በ2015 ፍርድ ቤቱ ጠበቆች ለብቻቸው በሚቆሙበት ሰልፍ ላይ ይሄን ከለከለ፣ በሕዝቡ ሰልፍ ግን ዝም አለ። ሕንፃው ግንባር ላይ "እኩል ፍትሕ በሕግ ሥር" የሚል ተቀርጾ በሩ ላይ ወንበር በገንዘብ ሲያዝ ማየት ያሳፍራል፣ ሌላ ቃል የለኝም። በ2025 በኦንላይን ዕጣ ማውጣት መሞከር ጀምረዋል፣ ጥሩ ነው፣ ወንበሩ ግን ያው ጥቂት ነው።

መፍትሔው ካሜራ ነው። እስከዛሬ አንድም ቀን አልፈቀዱም። ዳኛ ዴቪድ ሱተር በ1996 ለኮንግረስ ካሜራ የሚገባው በሬሳዬ ላይ ነው እስከማለት ደርሰዋል። ፍርሃቱ ገብቶኛል፣ ጠበቃውም ዳኛውም ለቲቪ መናገር ይጀምራል፣ ከሁለት ሰዓት ክርክር አስር ሴኮንድ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይዞራል ነው። ግን ድምፁ እኮ ከሜይ 2020 ጀምሮ ላይቭ እየተላለፈ ነው፣ በኮቪድ ምክንያት ተጀምሮ በዚያው ቀረ፣ መቁረጥ የፈለገ አሁንም ድምፁን ይቆርጣል። እንደውም ከ2006 እስከ 2016 አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ የቆዩት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ክርክሩ በስልክ ሲሆንና ተራ በተራ መጠየቅ ሲጀመር አዘውትረው መጠየቅ ጀመሩ፣ ያውም ሕዝብ ላይቭ እየሰማ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 ሥራ ሲጀምር ካሜራ ይዞ ነው የጀመረው፣ ብራዚል ከ2002 ጀምሮ በቲቪ ታሳያለች፣ ሕንድም በ2022 የሕገ መንግሥት ችሎቶቿን ላይቭ ማሳየት ጀምራለች። ፍርድ ቤቶቻቸው አልፈረሱም።

ካሜራው እስኪገባ መሄድ የምትችሉ ሂዱ። ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም፣ መቆለፊያ ሳጥን ውስጥ ትተዉታላችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ፍርድ ቤቱ ዌብሳይት ላይ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ዋናውን ጥያቄ የሚገልጽ አጭር ወረቀት አለ፣ እሱን ሁለት ሦስቴ አንብቡት፣ ካለዚያ ዳኞቹ የጠበቃውን አፍ እየነጠቁ ሲጠይቁ ስለምን እንደሚያወሩ ሳይገባችሁ ሰዓቱ ያልቃል።