ሕያው ባክቴሪያ ወይስ ትኩስ ውሃ?

የእናቱ ጡት ወተት ያልበቃው የአምስት ወር ሕፃን ያለው አንድ ወዳጃችን ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ የሚባል ሕያው ባክቴሪያ) የተጨመረበት የጣሳ ወተት ገዝቶ በመምጣቱ፣ አንድ ወጣት ፋርማሲስትና በሕፃናት ክፍል ለብዙ ዘመን የሠሩ ነርስ ተከራከሩ።

ፋርማሲስቱ ሕፃኑ ጡጦ መጥባቱ ካልቀረ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ወተት ከተቅማጥ ይጠብቀዋል ባይ ነው። በእስራኤል ቤርሳቤህ አካባቢ በሕፃናት ማቆያዎች ተደርጎ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመውን ጥናት ጠቀሰ፤ ከ201ዱ ሕፃናት መካከል ሕያው ባክቴሪያ ያለበትን ወተት የጠጡት በተቅማጥ የተያዙት ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ ነበር።

ነርሷ ጥናቱን አልተቃወሙም። «ጣሳው ላይ በምን ዓይነት ውሃ በጥብጡት ይላል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ባክቴሪያዎቹ እንዳይሞቱ ለብ ባለ ውሃ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላነሰ ውሃ ያዝዛል፤ የዱቄት ወተት ከፋብሪካ ሲወጣ ከጀርም ፍጹም የጸዳ ስላልሆነና ክሮኖባክተር የተባለው፣ በጨቅላ ሕፃናት ላይ ማጅራት ገትር የሚያስከትለው ባክቴሪያ አልፎ አልፎ ስለሚገኝበት ነው። ፋርማሲስቱ ውሃውን አፍልቶ ማብረድ ይበቃል ሲል፣ «እሱ ውሃውን ያጸዳል እንጂ ዱቄቱን ምን ያደርገዋል?» አሉት።

በዚህ ጊዜ ወጣቱ ወደ ሌላ ዓይነት ወተት ዞረ፦ በፋብሪካ በባክቴሪያ ከተብላላ በኋላ ባክቴሪያዎቹ በሙቀት የሚሞቱበት፣ እነሱ ያመነጩት ነገር ግን ወተቱ ውስጥ የሚቀርበት። በፈረንሳይ ከአራት እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ባላቸው 971 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የተቅማጡ ብዛትም ሆነ የቆይታው ርዝመት ከመደበኛው ወተት አልተለየም፤ ለሰውነት ድርቀት ያደረሰው ግን 2.5 በመቶ ሲሆን በመደበኛው ወተት 6.1 በመቶ ነበር። «እንግዲያው ያቀለዋል በል እንጂ ይከላከላል አትበል» አሉ ነርሷ። አባትየው ግን ልጁ ካልደረቀ ስሙ ምንም ይሁን ግድ እንደሌለው ተናገረ።

እኔ በአባትየው እስማማለሁ፤ ተቅማጥ ሕፃን የሚገድለው በአብዛኛው በድርቀት ነውና። ከሁለቱም የተብላላውን እመርጣለሁ፤ የሚሞት ባክቴሪያ ስለሌለበት ከትኩስ ውሃ ጋር አይጣላም። ሆኖም የፈረንሳዩ ውጤት ንጹሕ ውሃ በቧንቧ ከሚገባባቸው ቤቶች የመጣ ስለሆነ፣ ውሃ በጀሪካን በሚቀመጥበት ቤት ያንኑ ያህል ይሠራል ብዬ አልወራረድም። ዋጋውም ያሳስበኛል፦ ጣሳው እንዲበረክት ዱቄቱን የሚያሳንስ ወላጅ ልጁን ለምግብ እጥረት፣ እጥረቱም መልሶ ለተቅማጥ ይዳርገዋል። ወዳጃችን ተቅማጥ ከሚያመጣው ቫይረስ የሚከላከለውን የሮታቫይረስ ክትባት ካስጨረሰና እናቲቱ ያላትን ያህል ማጥባቷን ካላቋረጠች፣ መደበኛውን ወተት በትኩስ ውሃ በጥብጦ፣ አብርዶ ቢሰጠው ልጁ ብዙ የሚቀርበት አይመስለኝም።