ይድረስ ለጋሽ ቆይ-እናያለን

ውድ ጋሽ ቆይ-እናያለን፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። "ከናፍቆትዎ በስተቀር" እንዳልል ደግሞ ሶስት አመት ሙሉ ከቤቴ ወጥተው አያውቁ፣ ምኑን ልናፍቅ።

መጀመሪያ የተዋወቅነው እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሳሎኔ ውስጥ ቡና ላይ ነው። ልጄ ሶስት አመት ሞልቶት "እማ" እንኳን አይልም፣ እርስዎ በአክስቶቹ አፍ ገብተው "ኧረ ተይ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፣ አባቱም እኮ እስከ አራት አመቱ ዝም ነበር" ሲሉኝ እንዴት ደስ እንዳሉኝ! አፖይንትመንት የለ ኢንሹራንስ የለ፣ ከነመድኃኒቱ በነጻ። ምርመራ (እነሱ ኢቫሉዌሽን የሚሉትን) ላስጠይቅለት ስል "ፋይሉ ላይ ይጻፍበታል፣ ስሙ ይጠፋል" ያሉኝም እርስዎ ነዎት። (ጸበል ውሰጂው ያለችኝም ነበረች፣ ወስጄዋለሁ፣ ጸበሉ ግን ኢቫሉዌሽን አትጠይቂ አላለኝም።)

የገረመኝ ኪንደርጋርደን ሲገባ ቀድመውኝ እዛ ደርሰው ማግኘቴ ነው። ለካ እንግሊዝኛም ይችላሉ! "ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ግራ ገብቶት ይሆናል፣ ትንሽ ጠብቀን እንየው" አሉኝ በአስተማሪዋ ፈገግታ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ምን ላድርግ፣ እኛ እኮ አስተማሪ ፊት ቆሞ መከራከር እንደ ብልግና ሲቆጠር ነው ያደግነው።

ከዛ ትምህርት ቤቱ ሚቲንግ ጠራኝ። ስድስት ሰው ባንድ በኩል ተደርድሮ፣ ለሽምግልና የመጡ ነው የሚመስሉት፣ እኔ ብቻዬን በዚህ በኩል። አስተርጓሚ ስል "እህቱ አብራሽ መጥታ የለ" አሉኝ። የዘጠኝ አመት ልጄ ስለ ወንድሟ ሃያ ደቂቃ ሙሉ የተወራውን ሁሉ ሰምታ ዞር አለችና "ማሚ፣ ቆይ እናያለን ነው የሚሉት" ብላ ጨረሰችው። አንድ ቃል አልቀራትም።

ይቅርታ ያድርጉልኝና ከዛ በኋላ ስለ እርስዎ ትንሽ አጣራሁ። እስከ 1970ዎቹ (በፈረንጆቹ) ድረስ እዚህ አገር ጌታ ነበሩ አሉ፣ ትምህርት ቤት እንደ ልጄ ያለውን አልቀበልም ብሎ ከበር ቢመልሰው ጠያቂ አልነበረውም። እኛ ክትፎ ልንበላ የምንሄድባት ዲሲ ውስጥ ግን ወላጆች ከሰሱና በ1972 አሸነፉ፣ የትምህርት ቦርዱ "በጀት የለኝም" ሲል ዳኛው ገንዘብ ካነሰ የሚያንሰው ለሁሉም ነው እንጂ እነዚህ ልጆች ላይ ብቻ ከብዶ አይወርድም አሉት። በ1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ የመላ አገሩን ህግ ፈረሙ፣ ዛሬ አይዲያ (IDEA) የሚባለው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ህግ ነው። ለልጁ የሚስማማ ትምህርት በነጻ ይሰጠው ይላል፣ ለወላጁ አስተርጓሚ ማምጣትም የትምህርት ቤቱ ስራ ነው ይላል፣ የዘጠኝ አመት ልጅ ስራ አላለም።

ከሁሉ የወደድኩት አንዷን ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ አልመረምርም ካለ ምክንያቱን በጽሁፍ መስጠት አለበት። በጽሁፍ! ስለዚህ በሚቀጥለው ሚቲንግ ላብ እያጠመቀኝ "እሺ፣ ቆይ እናያለን ያላችሁትን ጻፉና ፈርማችሁ ስጡኝ" አልኩ። ጋሼ፣ ያን ቀን ፊትዎ እንዴት እንደገረጣ! ለካ በአፍ ነው እንጂ በወረቀት ላይ አንድ ቀን ኖረው አያውቁም። እርስ በርስ ተያዩ፣ አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ "እንግዲያው ኢቫሉዌሽኑን እንጀምራለን" ተባለ።

ደግሞ ቶሎ አይሸነፉም። ፌደራሉ ህግ ምርመራው በ60 ቀን ይለቅ ይላል፣ ግን ቀኑ የሚቆጠረው እኔ የፈቃዱን ወረቀት ከፈረምኩ ጀምሮ መሆኑን ሰምተው ወረቀቱ ላይ ራሱ አምስት ሳምንት ተኙበት። በየሰኞው ኢሜይል እየላኩ ነው የቀሰቀስኩዎት። አክስቶቹ "ይቺ ልጅ ነገረኛ ሆነች" ይላሉ፣ ልክ ናቸው፣ ሆኛለሁ።

አሁን አይኢፒ (ለእሱ ተብሎ የተጻፈ የትምህርት እቅድ) አለው፣ ስፒች፣ ማለትም የንግግር ህክምና፣ በሳምንት ሁለቴ ያገኛል፣ አፉንም ፈታ። ጫማህን አድርግ ስለው ምን እንደሚለኝ ያውቃሉ? "ቆይ!" እርስዎ ይስቃሉ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ከዛ ባኞ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ ጠዋት አመታዊው የአይኢፒ ሚቲንግ ነው። ሜሪላንድ ወረቀቱን ከ5 የስራ ቀን በፊት ስጧቸው ስለምትል ረቂቁ ደርሶኛል፣ በቢጫ ቀለም ቀብቼ ጨርሼዋለሁ፣ አስተርጓሚውም ተረጋግጧል፣ እህቱ ክፍሏ ትማራለች። ለእርስዎ ወንበር አልያዝኩም።

ከሰላምታ ጋር፣
ነገረኛዋ እናት

ግልባጭ፦
ለልጁ ፋይል
ለአክስቶቹ (በቫይበር)