መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ

ጎረቤቶቼ ይህን ባያነቡብኝ እመርጣለሁ፤ ግን ልናገረውና ይውጣልኝ። ሰፈሩ «ኤጭ! ደግሞ ጠፋ!» ሲል እኔ ካሜራዬን ታቅፌ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ፎቶ ለማንሳት እየታገልኩ ነው። ቱሉ ዲምቱ ቤት ስይዝ «ከከተማ ወጣሁ፣ ጨለማ አገኘሁ» ብዬ ነበር። ምን ጨለማ! ከተማው በሰሜን ተዘርግቷል፤ አንድሮሜዳም ከእኛ አገር ሲታዩዋት የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በኅዳር መጀመሪያ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከፍ ስትል እንኳ ከሥሯ የማይነጋ ወጋገን አለ። ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ አድርገዋታል። የገዛ ልዕልታችን ከጓሯችን አትታይም!

ብርሃኗ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። ሲነሳ አፋር፣ ጎና ላይ ድንጋይ እየተጠረበ ስለት ይወጣው ነበር። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ መጨረሻው ላይ በጎረቤቴ ፓውዛ ይሸነፋል።

«የከተማ ብርሃን የሚያስቀር የሌንስ ማጣሪያ ግዛ» የምትሉኝ፣ ተዉኝ። ማጣሪያ ለኔቡላ (ሰማይ ላይ ለሚያበራ የጋዝ ደመና) ነው፤ ኔቡላ የሚያበራው በጥቂት ቀለማት ስለሆነ የቀረውን መከልከል ይቻላል። ጋላክሲ ግን የከዋክብት ብርሃን ጥርቅም ነው፣ ሁሉም ቀለም አለበት። ነጩ የኤልኢዲ መብራትም እንደዚያው። ቢጫው የሶዲየም መብራት ስንት ጊዜ ይሻል ነበር! ካሜራውን ለረጅም ጊዜ ከፍቼ ከተውኩት ፎቶው ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስላል። ስለዚህ 30 ሰከንድ፣ 30 ሰከንድ እያልኩ 200 ፎቶ አነሳና በኮምፒውተር እደራርባለሁ።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው።
«ጋሼ፣ ያቺን ፓውዛ ለሁለት ሰዓት ቢያጠፉልኝ?»
«ምነው ልጄ?»
«ጋላክሲ ፎቶ ላነሳ ነው።»
ትንሽ አዩኝና «ሌባም የሚለምነኝ እሱኑ ነው» አሉ።

አልፈርድባቸውም፤ የውሃ ቆጣሪያቸው ተሰርቋል። ግን ፓውዛዋ ግማሹን የምታበራው ወደ ላይ ነው። ሌባ በሰማይ አይመጣም!

(የኅዳር 12ን ጭስ አላነሳም። ኅዳር ሲታጠን እኔም ቆሻሻ አቃጥያለሁ፣ አፍ የለኝም።)

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ልክ 3 ሰዓት ላይ ድርግም! ሰማዩ ጥርት ያለ። ወጣሁ፣ አነጣጠርኩ፣ ከዋክብትን የሚከተለው ሞተር አልነሳም አለ። ለካ የሚሠራው በሶኬት ነው። ከመኪናዬ ባትሪ ፈትቼ በእጅ ባትሪ እየፈለግኩ ቀጠልኩት። ከወዲያ ማዶ የአንድ መጋዘን ጄኔሬተር ተነሳ፤ ቻልኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥራ አንደኛው ፎቶ ላይ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» አሉ።

ትናንት ጋሼ ሁለተኛ ፓውዛ ሰቀሉ። መሰላሉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።