ዶሮው ከጮኸ በኋላ አትሂዱ

ፕራግ፣ አሮጌው ከተማ አደባባይ። ሰዓቱ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሕዝቡ የድሮው የሥነ ፈለክ ሰዓት ካለበት ከማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ሥር ይከማቻል። ሁሉም ስልኩን ወደ ላይ ደቅኗል። በሰዓቱ ጎን ከቆሙት ተንቀሳቃሽ ምስሎች አንዱ፣ አጽሙ፣ በአንድ እጁ የደወሉን ገመድ ይስባል፣ በሌላው የአሸዋ ሰዓቱን ይገለብጣል። "ጊዜው ደርሷል" እያለ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። መስታወት የያዘው፣ የገንዘብ ከረጢት ያንጠለጠለውና ሙዚቀኛው ግን ራሳቸውን ግራና ቀኝ ይወዘውዛሉ። እምቢ፣ ገና ነን ማለታቸው ነው። ከላይ ሁለት መስኮቶች ተከፍተው አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት በየተራ ብቅ ይላሉ። ዶሮው ይጮኻል። አበቃ። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

"በቃ፣ ይኸው ነው?" ይላል ተመልካቹ። "ወሬው ብቻ ነው" የሚሉም ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። የሚታየው ነገር ሳይጀመር ነው የሚሄዱት።

ሰዓቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1410 ሲሠራ ሐዋርያቱ አልነበሩም። የተጨመሩት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዶሮው ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1945 ጦርነት የእንጨት ሐዋርያቱ ተቃጥለው፣ ዛሬ የምናያቸው እንደ አዲስ የተቀረጹ ናቸው። ሰዓት ሠሪው የካዳኙ ሚኩላሽ የደከመው ከመስኮቶቹ በታች ላለው ትልቅ ክብ ገጽ ነበር። መሬትን መሃል አድርጎ ሰማዩን ያዞረዋል። ፀሐይ በየትኛው የኮከብ ምድብ እንዳለች ያሳያል። ጨረቃዋ ግማሿ ጥቁር፣ ግማሿ ብርማ የሆነች ኳስ ናት፤ ሙሉ ስትሆን ብርማው ጎን ወደ እኛ ይዞራል።

ለእኛ ደግሞ የተለየ ነገር አለው። ገጹ ላይ ከ1 እስከ 12 የተቆጠሩ ጎባጣ የወርቅ መስመሮች አሉ። ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ያለውን ጊዜ ለ12 ይከፍሉታል። ቀኑ ሲረዝም ሰዓቱም ይረዝማል፣ ሲያጥር ያጥራል። ቆጠራው ግን እንደኛው ከንጋት ነው የሚነሳው። የውጭው ቀለበት ደግሞ 24ቱን ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ጀምበር ስትጠልቅ ነው።

አስጎብኚዎች ይህን ከትርኢቱ በፊት ቢናገሩ ደስ ይለኛል። ሰው ምን እንደሚያይ ካወቀ ይቆያል። እናንተም ፕራግ ከሄዳችሁ ቀትር ላይ ድረሱ። ዶሮው ይጩኽ፣ ሕዝቡም ይበተን። ከዚያ ቀና በሉና ገጹ ላይ ያለችውን ወርቃማ ፀሐይ ፈልጓት። 6ኛው መስመር አካባቢ ታገኟታላችሁ። ስድስት ሰዓት ነው።