ባዶ ሳህን አይመለስም

ደብረ ማርቆስ ይሁን ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላም ይሁን ዳንግላ፣ ጎረቤት በሳህን የላከችውን ወጥ በልቶ ሳህኑን አጥቦ ባዶውን መመለስ ነውር ነው። ቢያንስ እፍኝ ቆሎ ወይም ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። የቆሎው ሳህን ደግሞ በሌላ ቀን ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ አንድ ሳህን ዓመቱን ሙሉ በሁለት ደጃፍ መካከል ይመላለሳል፤ ሴቶቹም በእሱ ሰበብ ይገናኛሉ።

እኛ ውጭ አገር ያለነው ምግብ የምንወስደው በፎይል ትሪ ነው። «ትሪውን አትመልሺ፣ ጣይው» እንላለን፤ በደግነት ነው የምንለው። ተቀባይዋ በስልክ የምስጋና መልእክት ትልካለች፣ ትሪው ቆሻሻ ውስጥ ይገባል፣ በዚያው ያበቃል። የሚመለስ ዕቃ ከሌለ የሚንኳኳ በር የለም።

አገር ቤት ያሉ ሴቶች የሚደጋገፉት ጊዜ ስላላቸው ነው ሲባል በተደጋጋሚ እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው። የጎጃም ገጠር ሴት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ እርሻ ላይ ምሳ አድርሳ፣ ማታ ደግሞ ላሟን አልባ ነው የምትተኛው። ጊዜ የላትም። ያላት ሥርዓት ነው። መረዳዳቱ ስም አለው፣ ተራ አለው፣ መጠኑ ይታወቃል። እርሾ ሲያልቅባት ከጎረቤት አንድ ጣሳ ትወስዳለች፤ ያቺም ሲያልቅባት ከእሷ ትወስዳለች። ማንም «አስቸገርኩሽ» አይልም፣ ምክንያቱም ብድር ነው፤ ብድር ደግሞ አያሳፍርም። ውጭ አገር ያጣነው ይህን ይመስለኛል። ፍቅሩማ አለ። ብድሩን ግን አስቀርተን ሁሉን ነገር ስጦታ አደረግነው፤ ስጦታ መቀበል የሚከብዳት ሴት ደግሞ «ምንም አያስፈልገኝም» እያለች በሯን ዘግታ ትቀመጣለች።

የፈትል ወንፈልን ተመልከቱ። አራት አምስት ሴቶች በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዛሬ የእሷ ጥጥ ይሠራል፣ በሚቀጥለው የሌላዋ። መጀመሪያ ጥጡ በድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ እየተዳመጠ ፍሬው ይለቀቃል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለላል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ መጨረሻ ላይ ልቃቂት ይሆናል። ለድር የሚሆነው ጠበቅ ተደርጎ፣ ለማግ የሚሆነው ላላ ተደርጎ ነው የሚፈተለው። እጇ የጠና ፈታይ ድሩን ትይዛለች፣ ጀማሪዋ ማጉን። ይህ ክፍፍል ካልተጠበቀ ድሩ ሸማኔው እጅ ላይ ይበጣጠሳል፣ ጋቢውም አንዱ ወገን ወፍሮ ሌላው ሳስቶ ይወጣል።

ፈትል ግን ከጋቢው ሌላ ጥቅም አለው። እጅ ሥራ ላይ ነው፣ ዓይን እንዝርቱ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት ተያይቶ የማይወጣ ነገር እዚያ ይወጣል። አዲስ ሙሽራ ስለ አማቷ፣ ልጅ የጨነገፈባት ስለ ኀዘኗ የምታወራው እንዝርት እያሾረች ነው። ውጭ አገር ለዚህ የሚቀርበው ሹሩባ ነው። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ተሠሪዋ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቀመጠው፣ ፊት ለፊት አይታይም። ቡና ለመጠጣት ብቻ ተቀጣጥረው ዝም የሚባባሉ ሴቶች በርበሬ ሲቀነጥሱ ወይም ፀጉር ሲሠሩ አፋቸው ይፈታል። ስለዚህ ስትጠራሩ ሥራ ይዛችሁ ተጠራሩ።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ግን አራስ ቤት ነው። ጎጃም ውስጥ ምጥ ሲመጣ ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ ስትገላገል እልልታው ይቀልጣል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። መንገድ ለሌለው ቀበሌ ወላዷን በቃሬዛ የሚያደርሰው የሰፈር ሰው ነው። ጤና ጣቢያ አጠገብ የእናቶች ማቆያ ባለበት ቦታም ኅብረተሰቡ እህል ያዋጣል፤ በጤና ጣቢያው ገንፎ እንዲገነፋ መደረጉ እናቶች ቤት ከመውለድ ይልቅ ወደዚያ እንዲሄዱ ረድቷል። አራስ ብቻዋን አትተውም። ምክንያቱ በተለያየ እምነት ይነገራል፣ ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ደም ሲበዛባት ወይም ስትንቀጠቀጥ የሚያይ ሰው አጠገቧ አለ።

ወደ አሜሪካ እንምጣ። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በተለመደው መንገድ ለወለደች ሴት ቢያንስ 48 ሰዓት፣ በቀዶ ሕክምና ለወለደች 96 ሰዓት የሆስፒታል ቆይታ መድኅን እንዲሸፍን ያስገድዳል። ከዚያ ወደ ቤት ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ነው፣ ያውም ያለ ክፍያ፣ ያውም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት ለሠራች ሴት። አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸው ክፍያ አላቸው። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በደመወዝ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ይሰጣል፤ ለተቀጠረች ሴት ማለት ነው፣ ለገበሬዋ አይደርስም። ስዊድን ለሁለቱ ወላጆች በጋራ 480 ቀን ትከፍላለች። ሆላንድ ደግሞ በወሊዱ ማግስት ቤት ድረስ መጥታ እናቲቱንና ሕፃኑን የምትንከባከብ ባለሙያ ለሳምንት ያህል ትመደባለች። ይህ የሆላንዱ ነገር ልብ ይነካል። ጎጃም በጉርብትና የምታደርገውን እነሱ በመድኅን አዘጋጁት ማለት ነው። በደረቅ ፈቃድ ብቻ ግን አራስ አትጠገንም፤ 480 ቀን ብቻዋን ቤት የተቀመጠች ሴት አሁንም ብቻዋን ናት።

ውጭ አገር በእኛ ሰዎች መካከል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሃያ ሰው ይመጣል፣ አምስት ትሪ ዶሮ ወጥ ይመጣል፣ ሁሉም ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ አራሷ ተነሥታ ታስተናግዳለች። በሁለተኛው ሳምንት፣ ባልየው ሥራ ሲመለስና እንቅልፍ ማጣቱ ሲከማች፣ ማንም የለም። ችግሩ የሰው ማነስ አይደለም። ተራ ስለሌለ ሁሉም በአንድ ቀን ነው የመጣው።

መፍትሔው ቀላል ቁጥር ነው። ስድስት ሴቶች ይስማሙ። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በየሦስት ቀኑ አንዷ ብትሄድ 18 ቀን ይሸፈናል፣ ለእያንዳንዷ የሚደርሳት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያውም ሁለት ሰዓት። በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ዕቃ ይታጠባል፣ ልብስ ማሽን ውስጥ ይገባል፣ እናቲቱ ሻወር ስትወስድና ስትተኛ ሕፃኑ ይያዛል። ቁጭ ብሎ መስተናገድ የለም። «ምን ላምጣልሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «ምንም» ነው። «ማክሰኞ በአሥር ሰዓት አጥሚት ይዤ እመጣለሁ፣ ይመችሻል እቴ?» በሉ። ተራው ከመውለዷ በፊት ይጻፍ፤ ከወለደች በኋላ ለማቀናጀት የሚሞክር ሰው ሁሉም ሥራ ላይ ሆኖ ያገኘዋል።

ገንፎውን በሚመለከት፣ ውጭ አገር «አልሆነልኝም» የሚባለው በአብዛኛው ከዱቄቱ ነው። ሱቅ የሚሸጠው የገብስ ዱቄት ያልታመሰ ነው፤ በጥሬው ሲገነፋ ይጣበቃል፣ የጥሬ ሽታም ይኖረዋል። አገር ቤት ገብሱ ታምሶ ነው የሚፈጨው። ስለዚህ ዱቄቱን በደረቅ መጥበሻ፣ በዝቅተኛ እሳት፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉት፤ ቆሎ ቆሎ ሲሸት ይበቃዋል። ከቸኮላችሁ ከሥር ያርና ይመራል። ሲበርድ ንፉት።

ለአንድ አራስ ሁለት ኩባያ ውሃ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አፍሉ፤ በእርግዝናዋ ደም ግፊት የነበረባት ከሆነ ጨዉን ተዉት። ከፈላው ግማሽ ኩባያ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። አንድ ኩባያ ከሩብ ዱቄት ጨምሩና በእንጨት ማማሰያ ከድስቱ ጎን እያሻችሁ በኃይል አማስሉ። የሚጓጉለው እዚህ ላይ ነው፤ ውሃው ሳይፈላ ዱቄት የጨመረ ወይም ለደቂቃ እጁን ያሳረፈ ሰው ጉብታውን በኋላ አያጠፋውም። መሐሉን ቀዳችሁ ያስቀራችሁትን ሙቅ ውሃ አፍስሱ፣ ከድናችሁ በቀስታ ይንተክተክ፣ ከዚያ እንደገና አማስሉ። በጠቅላላው ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። በእርጥብ ጣት ሲነካ የማይጣበቅ፣ ከድስቱ ጎን ተላቆ የሚመጣ ከሆነ በስሏል። ቅቤ በተቀባ ሳህን አዟዙራችሁ ድቡልቡል አድርጉት፣ መሐሉን ጎድጉዱ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ ከትንሽ በርበሬ ጋር አፍስሱበት። የፈረንጅ ቅቤ አንድ ኪሎ ሲነጠር 800 ግራም ገደማ ነው የሚቀረው፤ የእርጎ ቅቤ ስላልሆነ ጠረኑ ይጎድለዋል፣ ኮሰረት ግን ያቀራርበዋል።

የታመሰው ዱቄት በመስታወት ማሰሮ ከሄደ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የተረኛዋ ዓይንም ሥራ ላይ መሆን አለበት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት፣ ዓይን የሚያጭበረብር ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም ካየች ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ መከፋት፣ ልጁን ላለማየት መፈለግ፣ «ባልኖር ይሻላል» ማለት ደግሞ «የአራስ ነገር ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እዚህ ላይ አገር ቤትም ጥፋት አለብን። «ብርድ መታት» እየተባለ ቀን የሚባክንበት ጊዜ አለ። ሕፃን ቅቤ ማላስ፣ እንገሩን ቆሻሻ ነው ብሎ ማፍሰስም የኖሩብን ልማዶች ናቸው፤ እንገር የሕፃኑ የመጀመሪያ መከላከያ ነው፣ እስከ ስድስት ወርም ከጡት በቀር የሚሰጥ ነገር የለም። ገንፎውን ወስደን ይህን መተው እንችላለን።

ሌላው ቁም ነገር የቡናው መጠን ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጡት አምስት ስድስት ጎረቤታሞች ናቸው። አንዷ ስትቀር «ምን ሆና ነው?» ይባላል፣ ልጅ ይላካል። ውጭ አገር ሰማንያ ሴት ያለበት የቴሌግራም ቡድን አለን፤ እዚያ ውስጥ አንዷ ለሁለት ወር ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ትልቁ ቡድን ለማስታወቂያ ይሁን፤ ለመተያየት ግን ስድስት ይበቃል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ብዙ የጎጃም ልጅ ውጭ አገር ሆና እናቷን ማማከር አልቻለችም። አገር ቤት ያለችውም የቀራት ድጋፍ በእግር የሚደረስበት ብቻ ነበር። ስልክ የማይተካው ነገር እንዳለ ያኔ በሁለቱም ወገን ታየ።

ሥርዓቱ የሚጨክንበት ቦታም አለ። በጽዋ ማኅበር ተራዋ ሲደርስ ጠላና እንጀራ ማቅረብ ያልቻለች ድኻ ሴት ቀስ ብላ ትቀራለች፤ ጥሩ ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ ካለ ሁለት አባላትን አጣምሮ ያስደግሳል፣ ከሌለ ትረሳለች። እኛም ጋ ለልጅ ስጦታ 100 ዶላር አዋጡ ሲባል አዲስ የመጣችው ስደተኛ ስልኳን ታጠፋለች። የወንፈል ብልኃቱ የሚቆጠረው ብር ሳይሆን ጉልበት መሆኑ ነው። ሁለት ሰዓት የሁሉም ሁለት ሰዓት ነው፤ ገንዘብ የሌላት ዕቃ ታጥባ እኩል ትቆማለች።

አሁን ወደ ማሰሮው። የእድር ዕቃ ላይ ስም በቀለም እንደሚጻፈው፣ ማሰሮው ላይ በፕላስተር ስማችሁን ለጥፉና ውሰዱ። «ጣይው» አትበሉ፤ «ማሰሮዬን እፈልገዋለሁ» በሉ። ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ሆኖ ክርስትናው እስኪያልፍ አትጠይቁ። ከዚያ አራሷ ራሷ ሕፃኗን አዝላ ትመጣለች፤ ማሰሮው ውስጥ ምስርም ይሁን ሱፍ፣ ከክርስትናው የተረፈ ዳቦ ቁራሽም ይሁን፣ የሆነ ነገር ይኖርበታል። ተቀበሏትና ማሰሮውን ገልብጡት፤ ከመሄዷ በፊት ደግሞ ሽሮ ሙሉበት።